ከፍላቂት የሚነሳ የመጀመሪያ የእግር ጉዞ፦ መስመሩንና ማደሪያ ጎጆውን እንዴት እንምረጥ?

ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያቋርጠው፣ የአገሬው ሰው «የቻይና መንገድ» የሚለው አውራ ጎዳና ጋሸናን አልፎ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል ፍላቂትን ያገኛል። የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአውቶቡስ መስኮት ለሚያይ ሰው አገሩ ሜዳ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጋቢ የተከናነበ እረኛ። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ጥቂት ሰዓት ለተራመደ ግን ሜዳው ድንገት ይቆረጣል። ከእግር ሥር ገደል፣ ከገደሉ በታች እርከን፣ ከእርከኑ በታች ሌላ ገደል ነው። የደጋው ነፋስ ፊትን ሲመታ ከታች ያለው ቆላ በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል።

በዚህ አፋፍ ላይ የመቄት ገበሬዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ የእንግዳ ጎጆ መሥራት ጀመሩ። ሥራውን ያስተባበረው «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ድርጅት ሲሆን፣ በመነሻው የእንግሊዙ ሴቭ ዘ ችልድረን ደግፎታል። አሠራሩ ቀላል ነው። እንግዳው ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙ በአህያ ይጫናል፤ የሚያበስሉት፣ ጎጆውን የሚጠብቁት፣ ከገቢውም የሚካፈሉት የቀበሌው ሰዎች ናቸው። መቋት ማርያም፣ ዋጀላ፣ አይና አምባና ቦያ በውጭ አገር ተጓዦች ዘንድ የታወቁ ስሞች ሆነዋል። አዲስ አበባ ያለው ወገናችን ግን ብዙም አልሰማቸውም። ላሊበላን ተሳልሞ በዚያው ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው ላሊበላን ለሚያውቁ፣ የላስታንና የመቄትን ደጋ ግን በእግራቸው ረግጠውት ለማያውቁ ነው። ዋናው ምክሬ፦ መጀመሪያ የምታድሩበትን ምረጡ፤ መንገዱን ከዚያ ቀጥሉ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ካሪቢያን ባሕር ላይ በመርከብ ሲዝናኑ ክፍላቸው አብሯቸው ይዞራል፤ ስለዚህ ቀድመው የሚመርጡት የሚያርፉባቸውን ደሴቶች ነው። እዚህ ግን መኝታው በየምሽቱ ይለወጣል፤ የሚደረስበትም በገዛ እግር ነው። ምሽቱ የተበላሸበት ሰው በማግስቱ የቱንም ያህል ቢያምር አገሩ አይታየውም።

ደረጃ 1፦ ሰላሙን ጠይቁ

ይህ የሚዘለል ደረጃ አይደለም። በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ጋሸናም የጦር ግንባር ሆና ከርማለች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት የአማራን ክልል አዳርሷል። መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክና ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ቦታ ደውሉ፦ ጉዞውን ለሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ላሊበላ ለሚገኝ አስጎብኚ፣ እንዲሁም ፍላቂት ወይም ጋሸና ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ። የሦስቱ መልስ ካልተስማማ ጠብቁ። በተለይ የመጨረሻውን ስሙ፤ ትናንት ማታ መንገዱ ላይ ምን እንደነበረ የሚያውቀው እሱ ነው።

በዚያው ስልክ የትኛው ማደሪያ እንግዳ እየተቀበለ እንደሆነ አጣሩ። እንግዳ ለረጅም ጊዜ ያልገባበት ጎጆ ሣሩ ይበሰብሳል፣ ፍራሹም ያረጃል። ስሙ በድሮ መጽሐፍ ላይ ስላለ ብቻ ቦታው ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። መንገድ ከጀመራችሁ በኋላም መሪያችሁ «ዛሬ በዚህ በኩል አንሄድም» ካለ አትከራከሩት።

ደረጃ 2፦ ወሩን ቁረጡ

ሐምሌንና ነሐሴን ተዉአቸው። ጭቃው እግር ይይዛል፤ የመጣችሁለትን ገደል ደግሞ ጉም ውጦት ታገኙታላችሁ። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ገብሱም አረንጓዴ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው። በሬዎች አውድማ ላይ ሲዞሩ፣ ገለባው በመንሽ ወደ ነፋስ ሲወረወር የማየት እድል ታገኛላችሁ፤ የሌሊቱ ብርድ ግን ብርቱ ነው፣ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አገሩ ደረቅ ሆኖ በመካከሉ የበልግ ዝናብ ሊያገኛችሁ ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጥቅምትን እመርጣለሁ። ብርዱ ገና አልከረረም፤ መሬቱ ጠጥሯል፤ አገሩ ግን አረንጓዴነቱን አልጣለም።

ቀኑን ስትቆርጡ የበዓል መቁጠሪያውን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ለገናና ለጥምቀት ላሊበላ ማደሪያ ማግኘት ከባድ ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚሄደው ምዕመን የወሎን መንገዶች ይሞላል፤ በዚያ ሰሞን በሕዝብ ማመላለሻ የምትመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ትኬት ቁረጡ። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፦ የመጀመሪያ ሌሊታችሁን በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የምታሳልፉ ከሆነ ወር በገባ በ20 ማታ እንድትደርሱ አድርጉ። የ21ዱን የማርያም በዓል እዚያው ትነቁበታላችሁ።

ደረጃ 3፦ የምታድሩበትን ከፍታና ቦታ ምረጡ

ፍላቂትና አካባቢው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ ትንሽ ቶሎ መድከም፣ ትንሽ የእንቅልፍ መዛባት ቢሰማው ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በቀጥታ ለመጣ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ 2,500 ሜትር ላይ በምትገኘው ላሊበላ አንድ ሁለት ሌሊት ይረፍ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን እያየ ሳንባው ይለማመድ፤ ከዚያ ወደ መቄት ይውጣ። ከወልድያ በኩል በመኪና የሚመጣ አዲስ አበቤ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው ይሻለዋል፦ መጀመሪያ ፍላቂት፣ በመጨረሻ ላሊበላ። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእግር ጉዞ በኋላ ገላውን ታጥቦ ለማረፍ ይመቻል።

አቡነ ዮሴፍን ለመጀመሪያ ጊዜ አትምረጡት። ከ4,200 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው። ጅብራው፣ ጓሳው፣ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮው የሚያጓጓ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ከፍታ ላይ ማደር ሰውነት ሳይለማመድ የሚደፈር አይደለም። ለሁለተኛው ጉዞ አቆዩት።

የመጀመሪያው ሌሊት አፋፍ ላይ ይሁን። ለዚህ ምርጫዬ መቋት ማርያም ናት፤ ጎጆዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ናቸው። አፋፍ ላይ ማደር የሚያስመርጠው የጧቱ ትዕይንት ነው። ጭላዳዎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት አውሬ በማይደርስበት የገደል ግንብ ላይ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ተቀምጠው ይሞቃሉ፣ እርስ በርስ ይቃመላሉ፣ ቀጥሎ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ መብላት ይጀምራሉ። ወንዱ ደረቱ ላይ ባለው ቀይ ምልክትና በትከሻው ላይ በወረደው ጎፈሬ ይታወቃል። የገበሬው ልጅ ደግሞ ወደ ገብሱ እንዳይገቡ ወንጭፉን ይዞ ከማሳው ዳር ይቆማል። ይህን ቡና እየጠጡ ተቀምጦ ለማየት እዚያው ማደር ግድ ነው፤ ረፋድ ላይ በመኪና የደረሰ ሰው አብዛኛው ያመልጠዋል።

ደረጃ 4፦ ሌሊቱን ቁጠሩ፣ መስመሩን አገናኙ

ሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን ለጀማሪ ልክ ነው። አንድ ሌሊት ያንሳል፤ ሰውነት እርምጃውን ሲለምድ መመለስ ይመጣል። አራትና ከዚያ በላይ ደግሞ እግራችሁ ምን እንደሚችል ሳታውቁ ገንዘብና ጊዜ ማስያዝ ነው።

መስመሩ እንዲህ ይሁን። የመጀመሪያው ቀን ከዋናው መንገድ ተነስታችሁ በማሳዎች መካከል ወደ መቋት ማርያም፤ ሁለተኛው ቀን አፋፉን ተከትላችሁ ወደ ዋጀላ፤ ሦስተኛው ቀን ወደ መኪና መንገድ። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት መራመድ ነው፤ አብዛኛው ሜዳ ለሜዳ ነው። ሽማግሌ ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው አብሯችሁ ካለ የሚጋልባት በቅሎ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አህያ ጓዝ እንጂ ሰው እንድትጭን አትጠብቁ።

ረዣዥሞቹ መስመሮች ከደጋው ወርደው በቆላው ያልፋሉ። እዚያ ነው ልዩነቱ የሚመጣው። በዚህ አገር ጉልበት የሚፈትነው ርቀት ሳይሆን ገደል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ይህን የመቄትንና የዋድላን ደጋ አቋርጠው ነው ጅጣ ሸለቆ አፋፍ የደረሱት። ከዚያ ለሠራዊቱም ለመድፉም ቁልቁለቱን በመዶሻና በባሩድ እየፈነቀሉ መንገድ ማውጣት ነበረባቸው። ሙሉው ጉዞ ወደ ስድስት ወር ወስዷል። ዛሬ ያን መልክዓ ምድር ከአፋፉ ቆሞ ያየ ሰው የታሪኩን ክብደት ከመጽሐፍ በተሻለ ይረዳዋል። ለመጀመሪያ ጉዞ ግን ከላይ ሆኖ ማየቱ ይበቃል። ቁልቁለት መውረድ የሚጎዳው ጉልበትን ነው፤ በማግስቱ ደግሞ የወረዱትን መውጣት አለ።

ርቀት ስትጠይቁ «ቅርብ ነው?» አትበሉ። የመቄት ገበሬ ጤፉን ወይም ገብሱን ጭኖ ገበያ ሄዶ በዕለቱ የሚመለስ ሰው ነው፤ ለእሱ «ይቺው ማዶ» የሆነው ለእናንተ ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። ጥያቄያችሁ በሰዓትና በዳገት ይሁን፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንት ቦታ ይወረዳል?»

ደረጃ 5፦ ጎጆውን ምረጡ

በየማደሪያው ያሉት ጥቂት ጎጆዎች ናቸው፤ በአንዱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አልጋ ይገኛል። የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ስለዚህ ቡድናችሁ ትንሽ ይሁን፤ ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ሁላችሁም በአንድ ሌሊት ማደር መቻላችሁን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቀድሞ የደረሰ የመምረጥ ዕድል አለው። ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ሰዓት በፊት ለመድረስ ጧት በጊዜ ተነሱ።

ስትደርሱ ሻንጣችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ዙሩ። ሁሉም ሰው ገደሉ ጫፍ ያለውን ጎጆ ይፈልጋል፤ እኔም ለጎልማሳና ለጤነኛ ሰው እሱኑ እመክራለሁ። ነገር ግን ሌሊት ነፋሱ በዚያ በኩል ብርቱ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ጫፉን ተዉት፤ አጥር የለም። ለሽማግሌዎችና ለልጆች የሚሻለው ለማድ ቤቱና ለመጸዳጃው የቀረበው ነው። በእጅ ባትሪ በጨለማ፣ በድንጋይ ላይ፣ በእንቅልፍ ዓይን መሄድ ስላለ ሠላሳ እርምጃ እንኳ ልዩነት አለው።

ቀጥሎ በሩን እዩ። በሩ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ጎጆ የጧት ፀሐይ ቶሎ ይገባለታል፤ ከሌሊቱ ብርድ በኋላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ነፋሱ የሚያይ ከሆነ ሌላ ምረጡ። ግቡና በሩን ዘግታችሁ ቀና በሉ፤ በክዳኑ በኩል ብርሃን ነጥብ ነጥብ እየሆነ ከታየ ሣሩ ሳስቷል፣ ዝናብ ከመጣ ያፈሳል። ፍራሹን ገልጣችሁ እዩ፤ እርጥበት ካለው ፀሐይ ሳትጠልቅ አውጥተው እንዲያሰጡላችሁ ጠይቁ። ቁንጫ የሚፈራ ሰው የራሱን አንሶላ ወይም የመኝታ ከረጢት ይያዝ። ብርድ ልብሱ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ካልሆነ አስጨምሩ። ይህን ሁሉ በትሕትና፣ አስተናጋጆቹን እያመሰገናችሁ አድርጉት። ቤታቸውን እየፈተሻችሁ መሆኑን አትርሱ።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ከማደሪያው ሰው ጋር አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው። ሙቅ ውሃ በማሰሮ ይመጣና እግራችሁን ትታጠባላችሁ፤ ገብስ ቆሎ ይቀርባል፤ የሚጠጣ ካለ ጠላም አለ። እሳቱ ዳር ጎጆውን ማን እንደሠራው፣ ክዳኑ መቼ እንደታደሰ፣ ነፋሱ ሌሊት በየት በኩል እንደሚነሳ ይነግሯችኋል። ለነገ መንገዳችሁ የሚሆነውን መረጃ የምታገኙትም በዚያው ሰዓት ነው።

ደረጃ 6፦ ከመክፈላችሁ በፊት ስድስት ጥያቄ

ዋጋው ምግብ ይጨምራል ወይ? መሪውንና የአህያ ነጂውን ይጨምራል ወይ? ከፍላቂት ወይም ከላሊበላ የሚያመላልሰው መኪና በማን ሂሳብ ነው? ከምከፍለው ውስጥ ለማኅበረሰቡ የሚደርሰው ስንት ነው? መንገዱ ቢዘጋ ገንዘቤ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይተላለፍልኛል? ከመካከላችን አንዱ ቢታመም በየት በኩል ነው ወደ መኪና የምናወጣው?

አራተኛውን በማፈር አትዝለሉት። ጎጆዎቹ የተሠሩት የምግብ እጥረት በተደጋጋሚ ለጎዳው ለዚህ ወረዳ ሌላ የገቢ ምንጭ እንዲሆኑ ነው። ግልጽ መልስ የሚሰጥ አዘጋጅ ሌላውንም በግልጽ ይሠራል። ስድስተኛውን ደግሞ መሪው ራሱ ይመልሰው፤ የሚያውቀው መንገድ ከሌለ ሌላ መሪ ጠይቁ።

የጾም ነገርም አሁኑኑ ይነገር። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ፣ ጽጌን የሚይዙ፣ ሙስሊም የሆኑ ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች አብረዋችሁ ካሉ አስተናጋጆቹ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይወቁ። ሽሮና ምስር አይጠፋም፤ ሌላው ግን ከገበያ የሚመጣ ነው፣ ገበያው ደግሞ በየቀኑ አይቆምም።

ደረጃ 7፦ ጓዛችሁን አሳንሱ

የለመደ ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት፣ የፀሐይ ኮፍያ፣ የእጅ ባትሪ፣ የውሃ ማጣሪያ ወይም የውሃ ማከሚያ እንክብል፣ የግል መድኃኒት፣ ዝርዝር ብር። ሻንጣው ጎማ ያለው አይሁን፤ አህያ ላይ የሚታሰር ለስላሳ ቦርሳ ይሁን። ስልካችሁን ከፍላቂት ሳትወጡ ሙሉት። ቤተ ክርስቲያን የምትገቡ ሴቶች ነጠላ አትርሱ። ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም አትበትኑ፤ መርዳት የፈለገ ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ይስጥ።

አገሩ ሰላም ካገኘ፣ መንገዱም ከተከፈተ የውጭ አገር ተጓዥ እስኪመለስ አንጠብቅ። የመቄት ሰው እንግዳ ካጣ ቆይቷል። በቅድሚያ የምንደርስለት እኛው እንሁን፤ አንድ ጎጆ፣ ሁለት ሌሊት፣ በጥቅምት።